የኮሌጅ ደጅ ከቆቦ ሲታይ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምዕራብ የደጋው ገደል ይታያል፤ በመካከሉ ያለው ምድር ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በጠለፋ እየመራ ወደ እርሻው የሚያስገባበት የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ዝናሙ በጊዜው ከመጣ የራያ ቆላ ራሱን መግቦ ለሌላው ይተርፋል፤ ከቀረ ግን በ1965 እና በ1977 ዓ. ም. እንደ ታየው መከራው በዚህ ሜዳ ላይ ይበረታል።

በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ወላጅ ልጁን ተማሪ ቤት ሲልክ ምን እንደሚያስብ ለመገመት አያስቸግርም። ዝናም የማይወስነውን እንጀራ ይመኝለታል። ጎረቤቱም ቢሆን ዓመት ጠብቆ «የእገሌ ልጅ ምን አመጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛ ግን ዛሬ ለመናገር የምንወደው ልጁ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ስለሚያመጣው ውጤት ብቻ አይደለም። ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ስላሉት አራት ዓመታት፣ ከመጣም በኋላ ተማሪው ስለሚሞላት አንዲት የምርጫ ቅጽ ነው። ምክንያቱም ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ለኮሌጅ መዘጋጀት የሚጀምሩት ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው ስለ ሆነ፣ ቅጹንም የሚሞሉት ከጓደኛቸው ትከሻ በላይ እያዩ ስለ ሆነ ነው።

ለነገሩ ኮሌጅ ከቆቦ ሩቅ የነበረበት ዘመን አልፏል። ለከፍተኛ ትምህርት የሚሆን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአገራችን የተከፈተው በ1943 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በ1954 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ እርሱንና ሌሎቹን ኮሌጆች በአንድነት ያዘ። ከአብዮቱም ወዲህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዚያን ጊዜ ከሰሜን ወሎ ቆላ ወጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ለፈለገ ልጅ ስሙ የሚጠራው ተማሪ ቤት የደሴው ወይዘሮ ስሒን ነበረ፤ ከቆቦ እስከ ደሴ ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደሴ ገብቶ ቤት ተከራይቶ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ «ማትሪክ» የተባለውን ፈተና አልፎ ስድስት ኪሎ የገባ ልጅ ሲገኝ ስሙ በአገሩ ለብዙ ጊዜ ይነገር ነበር።

ዛሬ ግን በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ. ም. ሥራ ሲጀምር የኮሌጅ ደጅ ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ራቀ፤ በመርሳም የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አለው። ወደ ደቡብ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ራያ ዩኒቨርሲቲ በማይጨው አሉ። እንግዲህ መንገዱ አጥሯል ማለት ነው። ነገር ግን ደጁ መቅረቡና በደጁ መግባት አንድ አለመሆኑን ያለፉት ጥቂት ዓመታት አሳይተውናል።

በጥቅምት 2015 ዓ. ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየተማሪ ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ፈተናው አስቀድሞ እየሾለከ፣ ኩረጃውም እየበረታ ሄዶ ስለ ነበረ ነው። ውጤቱ በጥር ወር ሲነገር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በሚቀጥለው ፈተና ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ. ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ. ም. ከመቶ 8.4 ሆነ። ቁጥሩ በኋለኞቹ ሁለት ፈተናዎች ከፍ ማለቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ግማሹን ሳያገኙ መመለሳቸውን ልንሸፍነው አንችልም። አንዳንድ ሰዎች ፈተናው ከበደ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ተማሪው ሰነፈ ይላሉ። ለእኛ የሚመስለን ከሁለቱም ይልቅ ሦስተኛው ነገር ነው። ይኸውም ጉድለቱ ቀድሞም የነበረ ሲሆን ኩረጃው ይሸፍነው ነበር፤ መሸፈኛው በተነሣ ጊዜ ጉድለቱ ታየ።

ጉድለቱ የት እንደሚጀምር ለማወቅ የዘጠነኛ ክፍልን ደጃፍ ማየት ይበቃል። በአማርኛ ሲማር ያደገ የቆቦ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኘዋል። አስተማሪው በአማርኛ ያስረዳዋል፤ ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ተማሪውም የተጻፈውን በቃሉ ይይዛል። የቄስ ተማሪ ቤት ልጅ ዳዊቱን በግዕዝ ሲደግም፣ የቁርአን ተማሪ ቤት ልጅም በዐረብኛ ሲቀራ ትርጓሜው ኋላ እንደሚመጣለት ያውቃሉ፤ ትርጓሜ የሚያስተምር መምህር አላቸውና። የባዮሎጂው ደጋሚ ግን ትርጓሜው ሳይመጣለት ፈተናው ይመጣበታል። በፈተናው ላይ ደግሞ የሚጠየቀው በቃል የያዘው ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ያንኑ ነገር በሌላ ቃል አዙሮ የሚጠይቅ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ከማናቸውም አስቀድሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁን፣ እንግሊዝኛውን በእያንዳንዱ ትምህርት ውስጥ መማር ነው እንላለን። ይኸም ሲባል ተጨማሪ ሰዋስው መግዛት አይደለም። ተማሪው በየቀኑ ከመጽሐፉ አንዲት ገጽ አውጥቶ፣ ያልገባውን ቃል መዝግቦ፣ መጽሐፉን ዘግቶ የገባውን በራሱ አማርኛ ቢጽፍ፣ ከዚያም መልሶ በእንግሊዝኛ ቢጽፈው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ደብተርና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም። የሒሳብም ነገር እንደዚሁ ነው። የአሥራ ሁለተኛው ሒሳብ በአሥራ አንደኛው ላይ፣ የአሥራ አንደኛውም በዘጠነኛው ላይ የተካበ ስለ ሆነ፣ ከሥር አንዱ ድንጋይ የጎደለበት ተማሪ በመጨረሻው ዓመት ሌሊቱን ሁሉ ቢቀመጥ ካቡ አይቆምለትም። በአሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስመር ይመረጣል፤ ይህም ምርጫ ከኮሌጁ ምርጫ አስቀድሞ ግማሹን መንገድ የሚወስን ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛ ግን በሁለቱም መስመር ስላሉ ከሒሳብ ሸሽቶ ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ልጅ ሒሳብን እዚያም ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ ስንናገር የቆቦ ተማሪ እንዴት እንደሚኖር ዘንግተን አይደለም። ብዙዎቹ ከከተማው የመጡ አይደሉም። ከዞብል ሥርና ከሌሎችም ቀበሌዎች መጥተው ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸው በየሳምንቱ ከቤት ይመጣል፤ የማሽላ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ካለ ጥቂት ዘይት። እንጀራውን ተራ ገብተው ይጋግራሉ። ስንቁ ሐሙስ ካለቀ ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ አገር ቤት መመለስ አለ። ክፍሏ ጠባብ ስለ ሆነች አንዱ ሲያጠና ሌላው ይተኛል፤ ሦስተኛው ጓደኛ ይዞ ቢመጣ ጥናቱ ቀረ። መብራት በጠፋ ማታ በስልክ ብርሃን የሚያጠናው ተማሪ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ለአንድ ክፍል ተከራዮች ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ስምምነት ነው። ማን መቼ እንደሚያጠና፣ መቼም ዝም እንደሚባል በመስከረም የተነጋገሩ ልጆች በሰኔ ውጤቱን ያዩታል።

ልጃገረዶቹ ላይ ደግሞ ሸክሙ ይደረባል። አብረው ከተከራዩት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ውኃው የሚቀዳው በእነርሱ፣ እንጀራው የሚጋገረው በእነርሱ ከሆነ፣ የጥናቱ ሰዓት የማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። አባቶች ሆይ፤ ሴት ልጃችሁን ከታላቅ ወንድሟ ጋር ወደ ቆቦ ስትልኩ ለወንድሟ እንድታበስልለት ነው ወይስ እንድትማር? ይህን ጥያቄ በግልጽ መልሳችሁ ብትልኳት፣ ወንድሟም መልሱን ሰምቶ ቢሄድ ነገሩ በብዙ ይቃለላል። ቀድሞ ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰነው መቁረጫ ነጥብ ለሴቶች ጥቂት ዝቅ ይል የነበረው ይኸው ሸክም ስለ ታወቀ ነው።

የእርሻውም ወቅት የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ይጠበቃል። በእርሻው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያስጮኸው ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ቀጥሎም በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው ይመጣል። ገበሬ አባት ልጁን ከሥራ ቢያስቀር አንፈርድበትም፤ የዓመት ቀለቡ በሜዳ ላይ ቆሟልና። ነገር ግን ቁጥሩን አብረን እንይ። ተማሪው በዓመት ሦስት ሳምንት ብቻ ከክፍል ቢቀር በአራት ዓመት አሥራ ሁለት ሳምንት ይሆናል፤ ይህም ከአንድ መንፈቀ ዓመት ግማሽ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ከመቅረት የማይድን ልጅ ቢያንስ የቀረበትን ገጽ ማወቅ አለበት። ከጓደኛው ማስታወሻ ተውሶ ማማው ላይ ይዞት ቢወጣ ወፉም ይጠበቃል፣ ትምህርቱም አይቀርም። ማማ ላይ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ለራያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነው ግን ጦርነት ነው። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ. ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። በጳጉሜን በከተማዋና በአካባቢዋ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ድረስ ተማሪ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ወራት ተዘረፈ። በነሐሴ 2014 ዓ. ም. ውጊያው ዳግመኛ በቆቦ ግንባር ተነሣ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ. ም. ነው። አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ ወር ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች የተሰጠበት ያው ጥቅምት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ሚሊዮኖች ከትምህርት ውጪ ሆነዋል። አንድ ተማሪ በ2013 ዓ. ም. ዘጠነኛ ክፍል ከነበረ፣ ሁለተኛ ደረጃን የተማረው በሁለት ጦርነት መካከል ነው። እንግዲህ የእንዲህ ያለውን ተማሪ ውጤት አዲስ አበባ ተቀምጦ ከተማረው ጋር በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ሰነፈ» ማለት ፍርድ ይሆናልን?

የቆቦን ተማሪ ከኮሌጅ የሚያስቀረው ሌላም ተወዳዳሪ አለ። እርሱም የባሕር መንገድ ነው። ከራያ ቆቦ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ በጅቡቲ ወደብ ተሻግሮ፣ በየመን አልፎ ሳውዲ ዐረቢያ መድረስ ለብዙ ወጣት የታወቀ መንገድ ሆኗል። በኅዳር 2006 ዓ. ም. የሳውዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር በጀመረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። ከዚያም ወዲህ መንገዱ አልተዘጋም። አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ የጎረቤቱ ልጅ ከሳውዲ በላከው ገንዘብ ቤቱን በቆርቆሮ ሲከድን ያያል፤ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ያላገኘውንም ዘመዱን ያያል፤ ሁለቱንም በዓይኑ እያመዛዘነ እግሩ ወደ ደላላው ያዘነብላል። በባሕር ላይ የቀረውንና በየመን እስር ቤት ያለውን ግን አያየውም፤ እነዚያ ቆርቆሮ አይልኩምና። ይህን ልጅ «ትምህርት ብርሃን ነው» በማለት ብቻ መመለስ አይቻልም። የሚመልሰው ነገር ቢኖር በእጁ የሚይዘው ዕቅድ ነው፤ በዚህ ዓመት ይህን አጠናለሁ፣ ይህን ነጥብ ባገኝ እዚህ እገባለሁ፣ ባላገኝ እዚያ እሄዳለሁ የሚል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ያለው ልጅ ደላላ ሲመጣበት መልስ አለው።

ትምህርት ምን ያመጣል ብሎ ለሚጠይቅ የራያ ገበሬም ሩቅ ሳንሄድ ከማሽላው መካከል መልስ ልንሰጠው እንችላለን። የቆላው ማሽላ ጠላት አቀንጭራ መሆኑን እርሱ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን አቀንጭራን የሚቋቋሙ ሁለት የማሽላ ዝርያዎች ለገበሬ ቀረቡ፤ የአንደኛው ስም አብሽር ሲሆን የሁለተኛው ስም ከቆቦ በስተ ደቡብ እንዳለችው ትንሽ ከተማ ጎብዬ ይባላል። የዝርያዎቹ ምንጭ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልንጀሮቻቸው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ምርምር ነው። ገቢሳ የተወለዱት በወሎንኮሚ በአንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እናታቸው ልጄ መማር አለበት ብለው አጥብቀው ስለ ያዙ፣ በልጅነታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ሄደው ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ከዚያም በጅማ የእርሻ ተማሪ ቤት፣ ቀጥሎም በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተምረው በ1965 ዓ. ም. ተመረቁ፤ በፐርዱ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። ከዞብል ሥር እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ቆቦ የሚወርደው ልጅ የሚሄድበት መንገድ ያ ልጅ ከሄደበት የተለየ አይመስለንም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ ገቢሳ የመረጡት ሕክምናን ወይም ምሕንድስናን ሳይሆን እርሻን ነው።

ይህም ወደ ምርጫው ቅጽ ያመጣናል። ውጤቱ ታውቆ የመግቢያው ነጥብ ከተወሰነ በኋላ ተማሪው ሊገባባቸው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባውም በትምህርት ሚኒስቴር በኩል በውጤትና በምርጫ እየታየ ይከናወናል። በዚህ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስሙ የገነነው ዩኒቨርሲቲ ይቀድማል፤ ጓደኛ የመረጠው ይከተላል፤ የቀረው በግምት ይሞላል። በመጨረሻ ልጁ ስሙን በሰማበት ግን ስለ እርሱ ምንም በማያውቅበት ግቢ ተመድቦ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው የትኞቹን ትምህርቶች እንደሚያስተምር፣ ከቤት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መንገዱ በዚያ ዓመት ሰላም መሆኑን፣ የትራንስፖርቱን ዋጋ አስቀድሞ የጠየቀ ስንት ነው? ከ2012 ዓ. ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለ ሆነ፣ የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ግቢ ከተገባ በኋላ በዚያው በሚገኘው ውጤት ነው። ስለዚህ «ሕክምና እገባለሁ» ብሎ የሚመርጥ ተማሪ የመረጠው ግቢ ሕክምና የሚያስተምር መሆኑን ማወቅ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ይህን ሳይጠይቁ የሚሞሉ አሉ።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። የተማሪው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በስምንተኛ ክፍል ካርዱ አንድ ዓይነት፣ በአሥራ ሁለተኛው መመዝገቢያ ሌላ ዓይነት፣ በመታወቂያው ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ይህ ልጅ ሬጅስትራር ፊት በቆመ ጊዜ፣ ሦስቱ ሰዎች አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ከቆቦ ደብዳቤ ማስመጣት ግድ ይሆንበታል። ስሙን አንድ ጊዜ ወስኖ በደብተሩ ጀርባ ጽፎ፣ በየትኛውም ቅጽ ላይ ያንኑ እያየ የሚገለብጥ ተማሪ ከዚህ ሁሉ ይድናል። ዋናውን ካርድና ትራንስክሪፕት ደግሞ ዝናምና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ፣ ቅጂውንም በሌላ ቤት ማኖር ያስፈልጋል፤ ቤት በጦርነት የተቃጠለበት አገር ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ፈተናውን በኮምፒዩተር መውሰድ ጀምረዋል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ጭንቅ አይደለም። የኮምፒዩተር መዳፊት በእጁ ይዞ ለማያውቅ የቆላ ልጅ ግን ከጥያቄው ጋር መሣሪያውም ይፈትነዋል። በቆቦ ከተማ ኮምፒዩተር ያላቸው መሥሪያ ቤቶችና ሱቆች አሉ። ተማሪው ከፈተናው በፊት አምስት ስድስት ጊዜ ተቀምጦ ገጽ ማዞርን፣ መልስ መምረጥንና መለወጥን ቢለማመድ በፈተናው ቀን እጁ አይንቀጠቀጥም።

ግማሹን ነጥብ ያላገኘ ተማሪ መንገዱ አልቋል ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ለመቁረጫው የቀረቡት ተመርጠው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለጥቂት ወራት ተምረው፣ እንደገና ተፈትነው ሲያልፉ የመጀመሪያውን ዓመት ይጀምራሉ። በወልድያና በደሴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ወደ እነዚህ መግባትን እንደ ውድቀት መቁጠር በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ እየወጣ በመስኖ በሚለማበት ቦታ፣ የቆመውን ፓምፕ የሚጠግን አንድ ባለ ሙያ ከሦስት ሥራ ፈት ዲግሪ ያዦች ይልቅ ተፈላጊ ነው ብንል የሚቀየመን ገበሬ አይኖርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ ራሱን የቻለ ተቋም ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እዚያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ የአገር አቀፉ ፈተና ብቻ እንደማይበቃው አውቆ መዘጋጀት አለበት። ወላጆችም አንድ ነገር ይወቁ፤ ከ1996 ዓ. ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። በሬ የሚያሸጥ ክፍያ በመግቢያው ላይ የሚጠየቅ መስሏቸው ልጃቸውን ሊያስቀሩ የሚያስቡ ካሉ ይህን ይስሙልን።

ምክር የሚሰጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ምክራቸው የየዘመናቸው ነው። አጎት የማትሪክን ሕግ ያወራል፤ በ1993 ዓ. ም. የተጀመረውን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ታላቅ ወንድም «ዋናው አሥረኛ ነው» ይላል፤ ያ ፈተና ግን በ2012 ዓ. ም. ቀርቷል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የአንዱ እውነት ግን ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ተማሪው ምክሩን በአክብሮት ሰምቶ ሕጉን ከርዕሰ መምህሩና ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ነው እናንተን ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችን የምንፈልጋችሁ። በ1957 ዓ. ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው እንዲያገለግሉ የሚያዝ ደንብ ወጥቶ ነበር። ብዙዎቹ የተመደቡት በአስተማሪነት ሲሆን በየአውራጃው ከተማ የነበሩ ተማሪዎች ኮሌጅ ምን እንደሚመስል የሰሙት ከእነርሱ አንደበት ነው። ዛሬ ደንቡ የለም። ነገር ግን በእርሻው፣ በገንዘቡ፣ በፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው በቆቦ የሚሠሩ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶች አሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም የግቢ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የሒሳብ ተመራቂው ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ቢሰጥ፣ የሕጉ ተመራቂ የምርጫው ሰሞን ተማሪ ቤት ሄዶ የወጪ መጋራቱን ውል በአማርኛ ቢያስረዳ፣ በወልድያ የምትማረው ልጅ ግቢ ውስጥ ስለሚጠብቃቸው ነገር ለሴቶቹ ብትነግራቸው ምን ይጎድላል? በጀት አይጠይቅም፤ ደብዳቤም አያስፈልገው። አንድ ክፍል በሰኔ የሚከፍት ርዕሰ መምህርና ቁልፉን የሚመልስ አንድ ሰው ይበቃል።

ክረምቱ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ፈተናው ካለቀ በኋላ ውጤት እስኪነገር ድረስ ረጅም ጊዜ አለ፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ልጅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጠው፣ ደላላውም ቤት ለቤት የሚዞረው በዚያ ጊዜ ነው። በነሐሴ 16 ሶለል ሲገባ ተፈታኞቹ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ከእኩዮቻቸው ጋር ይወጣሉ፤ ያለፈችውና ያላለፈችው ገና አልተለዩም። የምርጫው ቅጽ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ስለ ሆነ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለመጠየቅ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ጊዜ ይበቃል።